ከጥቁር ላምና ከጥቁር ኮርማ ቀይ ጥጃ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነኝ። ዲቃላ ላሜ ጥቁር ናት፤ ያስጠቃኋት የጎረቤቴ ኮርማም ጥቁር ነው። የተወለደችው ጥጃ ግን ቀይ ሆነች። ጎረቤቴ «ሌላ ኮርማ አጥቅቷት ነው» ብሎኝ ተቀያየምን። ላሟና ኮርማው የአንድ ቀይ የአገር ላም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በሰው ሠራሽ ማዳቀል ከሆልስታይን (ጥቁርና ነጭ ከሆነው የውጭ የወተት ከብት ዝርያ) የተገኙ። ጥጃይቱን ልሽጣት?

መልስ፦ አይሽጧት። ከጎረቤትዎም ጋር ይታረቁ። ጥጃዋ ቀይ ስለሆነች ብቻ አባቷ የእሱ ኮርማ አይደለም ማለት አይቻልም።

ከብት የቀለም ዘሩን ጥንድ አድርጎ ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ጥቁሩና ቀዩ ሲገናኙ ጥቁሩ ያሸንፋል። ቀይዋ እናት የምታወርሰው ጥቁር አልነበራትም። ልጆቿ ጥቁሩን ከሆልስታይን አባታቸው፣ ቀዩን ከእሷ ወሰዱ። ላምዎም ኮርማውም ቀዩን ደብቀው ይዘዋል ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቀይ ጥጃ የመወለድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይህ በየወሊዱ እንደ አዲስ የሚጣል ዕጣ ነው። አሁን ቀይ ወለደች ማለት ቀጣዮቹ 3 ጥቁር ይሆናሉ ማለት አይደለም።

ቀይነት ከየት ይመጣል? በሆልስታይን በደንብ የሚታወቀው መንገድ ኤምሲ1አር በሚባለው ዘር ላይ አንዲት ፊደል መጉደሏ ነው። ሕዋስ የዘር ፊደላትን የሚያነበው ሦስት ሦስት እያደረገ ነው። «ጥጃዋ ላሟን ጠባች» ብለን እንጻፍ። «ጃ»ን አውጥተን እንደገና ሦስት ሦስት ብናነብ «ጥዋላ ሟንጠ ባች» ይሆናል። በአንዲት ፊደል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሸ! በከብቱም እንደዚሁ ዘሩ የሚያሠራው ፕሮቲን ሳያልቅ ይቋረጣል፤ «ጥቁር ቀለም ሥራ» የሚለው ትእዛዝ አይደርስም፤ ፀጉሩ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ጤናዋ ላይ ጉዳት የለውም። ወተቷም በፀጉሯ ቀለም አይለካም።

እኔን ያሳሰበኝ ዝምድናው ነው። ላምዎ የተጠቃችው በወንድሟ ነው። ቀዩ ዘር ተደብቆ እንደተገናኘ ሁሉ፣ ጎጂ ዘርም ተደብቆ ሊገናኝ ይችላል። በእናት ብቻ የሚገናኙ ከሆነ የጥጃዋ የዝምድና መጠን (ከእናቷና ከአባቷ የወሰደቻቸው ጥንድ ዘሮች ከአንድ አያት የመጡ ተመሳሳይ ቅጂዎች የመሆናቸው ዕድል) 12.5 በመቶ ነው። ሁለቱ ከአንድ ሆልስታይን ኮርማ የተወለዱ ከሆነ ደግሞ 25 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ እርባታ ሲደጋገም ጥጃ ይከሳል፣ ይሞታል፤ ላሟም ቶሎ አትይዝም።

ስለዚህ ላሟን ለዚህ ኮርማ ዳግም አይስጧት። ጥጃይቱም ለአቅመ ጊደር ስትደርስ ከሁለቱም ጋር የማይዛመድ ኮርማ ይፈልጉላት። አዳቃዩ ሲመጣ የኮርማውን ቁጥር ጠይቀው ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። የላሟና የኮርማው አባት ቁጥር ተጽፎ ከነበረ ፈልገው ያስተያዩት፤ አንድ ከሆነ ይጻፉልኝ።