ዲሽ ልገዛ ነው፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዲስ አበባ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ገና መግባቴ ነው፣ ሶስተኛ ፎቅ። ቲቪ አለኝ ዲሽ ግን የለኝም፣ ገዝቼም አላውቅም፣ ቤተሰብ ጋ እያለሁ እንደዚህ አይነቱን ነገር አባዬ ነበር የሚጨርሰው። በየወሩ የሚከፈል ነገር አልፈልግም፣ የሀገር ውስጥ ቻናሎችና አልፎ አልፎ የውጭ ፊልም ካየሁ ይበቃኛል። መርካቶ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ሱቅ "4ኬ ነው፣ አንድሮይድ ነው፣ የአንድ አመት ሰርቨር አለው" ብሎ የደሞዜን ግማሽ የሚበላ ሪሲቨር አሳየኝ፣ ጎኑ ያለው ሱቅ ደሞ በሲሶው ዋጋ ሌላ አሳየኝ። ልዩነታቸው ምንድነው? ዲሹስ ስንት ይሁን? (ተከራይዋ፣ ከአያት)

መልስ፦ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ። ርካሹን ግዢ። ከሱ የተረፈሽን ብር ደሞ ለዲሹ፣ ለኤልኤንቢውና (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ሲግናል መቀበያ ነው) ለገመዱ አውጪው፣ ምክንያቱም ምስል የሚጠራውም የሚበላሸውም እዛ ውጪ ነው፣ ሪሲቨር የመጣለትን ነው የሚያሳየው።

ያ "ሰርቨር" የሚሉት ነገር የተዘጉ ቻናሎችን በኢንተርኔት በኩል በጓሮ በር መክፈቻ ነው፣ ህጋዊም አይደለም፣ አመት ተብሎ ተሸጦልሽ በሶስተኛው ወር ቢቋረጥ ማንን ትከሺያለሽ? ነጻ ቻናል ለማየት ሰርቨርም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። 4ኬ የሚለውም ቢሆን አንቺ የምታዪያቸው ቻናሎች በኤችዲ ነው የሚመጡት፣ ቲቪሽ ራሱ 4ኬ ካልሆነማ ጭራሽ። ሪሲቨሩ ላይ ዲቪቢ ኤስ2 እና ኤምፔግ 4 መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፣ እነዚህ የሌሉት የድሮ ሪሲቨር ኤችዲ ቻናል አያሳይም። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ይኑረው፣ ቲቪሽ የቆየ ከሆነ ደሞ የኤቪ ቀዳዳም። ሪሞቱ ቢጠፋ ሌላ የሚገኝለት መሆኑን ጠይቂ፣ ሰው የማይጠይቀው ነገር ግን ይሄ ነው ከአመት በኋላ የሚያስለቅሰው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሀገር ውስጥ ቻናሎች አብዛኞቹ ያሉት ኢትዮሳት በምንለው ላይ ነው፣ ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፣ በ57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ ሆነሽ ስታዪው ከምስራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያጋደለ ሆኖ ከፍታው ወደ 66 ዲግሪ ነው፣ ማለትም አንጋጠሽ ነው የምታዪው፣ አናትሽ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የአረብ ቻናሎችና የእንግሊዝኛ ፊልሞቹ ያሉበት ናይልሳት ደሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፣ ከኛ ሲታይ ወደ ምዕራብ ነው፣ ከፍታውም 37 ዲግሪ አካባቢ ብቻ። ሰፈርሽ ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን እዪ፣ አንዱ ዲሽ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ምዕራብ ፊቱን ያዞረ ነው፣ ሌላው በጀርባው ሊተኛ የደረሰ ሰማይ ሰማይ የሚያይ። ሁለቱ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ደርድሬ ሁለቱንም አመጣልሻለሁ ያለሽ ሰው ካለ አትክፈይው፣ ያ የሚሰራው ተቀራርበው ላሉ ሳተላይቶች ነው፣ እነዚህ በመሀላቸው 64 ዲግሪ አለ። ሁለቱንም ከፈለግሽ ሁለት ዲሽ ነው፣ ከሁለቱ የሚመጣውን ገመድ በዳይሴክ ስዊች (ሪሲቨሩ ከሁለቱ ዲሾች አንዱን እንዲመርጥ የሚያደርግ ትንሽ ማገናኛ) አገናኝተሽ አንድ ገመድ ወደ ሪሲቨር ታስገቢያለሽ። ለመጀመሪያ ግን በኢትዮሳት ጀምሪ፣ ፊልሙ ናፍቆሽ ካላስቻለሽ ሁለተኛውን ቀስ ብለሽ ትጨምሪያለሽ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን አንድ ነገር እዪልኝ። በረንዳሽ ላይ ፀሀይ የሚገባው ጠዋት ነው ከሰአት? የጠዋት ፀሀይ ካለሽ ለኢትዮሳት ተስፋ አለሽ፣ የከሰአት ከሆነ የናይልሳት በረንዳ ነው ያለሽና ለኢትዮሳት ጣሪያ ላይ መውጣት ግድ ነው፣ ለዛ ደሞ ኮሚቴውን አስቀድመሽ አናግሪ። የጠዋት ፀሀይ ቢኖርሽም ሌላ ጣጣ አለ፣ ሳተላይቱ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ከላይሽ ያለው የአራተኛ ፎቅ በረንዳ ኮንክሪቱ ይጋርድሻል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ዲሹን ከግድግዳው አስጠግቶ አስሮ ሲግናል እምቢ አለኝ የሚለው። ረዘም ያለ ብረት አስበይጂና ዲሹ ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ውጪ ይውጣ፣ በደንብ ይታሰር ታዲያ፣ ከስር ሰው ያልፋል።

ስፋቱን በተመለከተ 60 ሳንቲም ዲሽ በጋውን ሙሉ ሊያሳይሽ ይችላል፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ቦታ ካለሽ 90ውን ግዢ። ኤልኤንቢው ላይ 9750 እና 10600 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው ካየሽ ዩኒቨርሳል የሚባለው ነው፣ እሱን ነው የምትፈልጊው። መኝታ ቤትም ሁለተኛ ቲቪ ለማድረግ ካሰብሽ ከወዲሁ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ውሰጂ፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አንዱን መውጫ በስፕሊተር ለሁለት ሪሲቨር ብታካፍይ ግን ሁለቱ ሪሲቨሮች ለኤልኤንቢው የተለያየ ትእዛዝ እየላኩ ሲጣሉብሽ ያድራሉ።

ገመዱ አርጂ6 ይሁን፣ ጫፉን አስልጠሽ መሀሉ ያለውን ሽቦ በቢላ ፋቅ አድርጊው፣ ከመዳቡ ስር ነጭ ብረት ካወጣ መዳብ የተቀባ ነው፣ ለአጭር ርቀት ይሰራል፣ ረጅም ከሆነ ግን ሙሉ መዳቡ ይሻላል። ጫፉ ላይ የሚገባው ኮኔክተር ደሞ ይሄው የኔ የዘላለም ቁስል ነው፣ አንዴ የራሴ ቤት ሲግናል ዜሮ ሆነብኝና ሙሉ ቅዳሜ ጣሪያ ላይ ዋልኩ፣ ዲሹን ወደዚህ ወደዚያ፣ ኤልኤንቢ ቀየርኩ፣ ባለቤቴ ምሳ ሶስቴ ጠራችኝ። በመጨረሻ ኮኔክተሩን ፈትቼ ሳየው ከውጪው መረብ አንዲት ፀጉር የምታክል ሽቦ ታጥፋ መሀለኛውን ነክታው ነበር። በቃ እሷ ናት። ስለዚህ ገመድ ስትገጥሚ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀይ፣ መረቡን በደንብ ወደ ኋላ ሰብስቢ፣ ውጪ ያለውን ኮኔክተር ደሞ ውሀ እንዳይገባበት በቴፕ ጠቅልይው።

ሲስተካከል ሪሲቨሩ ላይ 57 ምስራቅን መርጠሽ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሲምቦል ሬት 45000፣ ፖላሪቲ ሆሪዞንታል አስገቢ። ሁለት መስመር ታያለሽ፣ ስትሬንግዝ እና ክዋሊቲ። ስትሬንግዙ ገመድ ስለተሰካ ብቻ 60 እና 70 ሊል ይችላል፣ አትደሰቺ፣ ሳተላይት መያዙን የሚነግርሽ ክዋሊቲ ነው። ክዋሊቲው ብቅ ካለ በኋላ ዲሹን ትተሽ ኤልኤንቢውን ራሱን እመያዣው ውስጥ ቀስ እያልሽ አሽከርክሪው፣ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን በደንብ መጋደም አለበት፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ስእል ሌላ ሀገር ታስቦ የተሳለ ነው።

ጥያቄ፦ ገጠር ላሉት ወላጆቼ ቲቪ ልወስድላቸው ነው፣ መብራት የለም ሶላር ግን አላቸው። ዲሽ በሶላር ይሰራል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይሰራል ወንድሜ፣ ዲሹ ራሱ እኮ መብራት አይበላም፣ ኤልኤንቢው ከሪሲቨሩ ነው በገመድ የሚያገኘው። ትንሹን ሪሲቨር ገልብጠህ ጀርባውን እይ፣ 12 ቮልት የሚል ቀዳዳ ካለው እሱን ውሰድላቸው፣ ቲቪውም በ12 ቮልት የሚሰራ ይሁን። ፓነሉን በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ እንዳትሰካ ግን፣ 12 ቮልት የተባለ ፓነል ጭነት ሳይኖርበት በጠራራ ፀሀይ 20 ቮልት ያልፋል፣ ያቃጥልባቸዋል። መሀል ላይ ባትሪና ቻርጅ መቆጣጠሪያ የግድ ነው። ዲሹን ራስህ እዛው አስተካክለህላቸው ና፣ ብሎኖቹን ጥብቅ አድርገህ፣ ዶሮም ልብስም እንዳይሰፍርበት ንገራቸው።

ጥያቄ፦ አምና በመስቀል ሰሞን ረፋድ ላይ ኢትዮሳት ላይ ያሉ ቻናሎች በሙሉ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፉና ራሳቸው ይመለሱ ነበር፣ ለተከታታይ ቀናት። የጠራሁት ሰው ኤልኤንቢው ተበላሽቷል ብሎ ቀየረልኝ። እውነት ኤልኤንቢው ነበር? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልነበረም፣ ፀሀይ ናት። በአመት ሁለቴ፣ በመስቀል ሰሞንና መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ፀሀይ ከሳተላይቱ ጀርባ ትክክል ታልፋለች፣ ዲሽህ ሳተላይቱን እያየ ፀሀይንም አብሮ ያያል፣ የሷ ጨረር የሳተላይቱን ሲግናል ይውጠዋል። በኛ አካባቢ ለኢትዮሳት ረፋድ 5 ሰአት ገደማ ነው የሚሆነው። ምንም አትንካ፣ ቡናህን ጠጣ ይመለሳል።

እንደውም ከላይ ለጠየቀችው ለተከራይዋም ይሄ ይጠቅማታል። በነዚያ ቀናት 5 ሰአት ላይ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቆማ ፀሀይ ፊቷን ካገኛት ሳተላይቱም እዛው ነው፣ የላይኛው ፎቅ ጥላ ከጣለባት ግን ለዲሹ ረጅሙን ብረት ታስበይድ።