የሰፈር ሠዓሊዎች ማህበር ልታቋቁሚ ነው? ከአንድ ገንዘብ ያዥ የተሰጠ መልስ

«ደብረ ብርሃን ላይ ሥዕል የምንወድ ሰባት ሰዎች ተገናኝተን ማህበር ልናቋቁም ነው። ማንን እናስገባ? ምን ምን እንሥራ? በኤግዚቢሽን ብንጀምርስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ መልሴ ረዘም ይላል። ቡና ካለ አስቀርቢ።

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገርሽ። አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ያለች የአንዲት ትንሽ ማህበር አባል ነኝ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለሁበት። ስንጀምር ስድስት ነበርን፤ አሁን ሃያ ሦስት ደርሰናል። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሥዕሌ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አህያ ስስል ሰው በግ ነው ይለኛል። ደረሰኝ ግን አይጠፋብኝም። ይህን የምልሽ ለትሕትና አይደለም። ማህበራችንን እስከ ዛሬ ያቆዩት ጎበዞቹ ሠዓሊዎች ሳይሆኑ ቅዳሜ የማይቀሩት ስለሆኑ ነው።

በኤግዚቢሽን አትጀምሩ። እኛ ጀምረን አይተነዋል። በተቋቋምን በአምስተኛው ወር አንድ አዳራሽ ለሦስት ቀን ተከራየን። ወሩ ሐምሌ ነበር። ለምን ሐምሌ ብትዪኝ፣ ኪራዩ የረከሰው ያኔ ነዋ! በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፉ ወረደ፤ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ሥዕል ላይ ውሃው ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ጀበናዋ ያለቀሰች መሰለች። በሦስቱ ቀን ከቤተሰብ ውጪ የመጣው ሰው አሥራ አንድ ነው። ከእነሱም ሦስቱ ዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ናቸው። ኪራዩን ማን ይሸፍን በሚለው ተጣላን። ሁለት ሰው ጥሎን ሄደ። አንዱ ከሁላችንም የተሻለ እጅ ነበረው።

የቀረነው አራታችን ምንም ዕቅድ አልነበረንም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ አባል ግቢ እየተገናኘን መሳል ብቻ። ያዳነን እሱ ነው።

ቅዳሜያችን ይህን ትመስላለች። አንድ ሰው መሃል ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ ሌሎቻችን ከበን እንስለዋለን። ሃያ ደቂቃ ስለን እናርፋለን፤ ከዚያ እንደገና ሃያ ደቂቃ። ድሮ የምንቀመጠው በተራ ነበር። ተራ የደረሰው ሰው ያማርራል። አፍንጫው ይበላዋል፣ ስልኩ ይጠራል። አንድ ቀን የግቢው ዘበኛ «እኔ ልቀመጥላችሁ» አሉን። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ በአምስተኛው ደቂቃ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። እንደ እሳቸው ያለ ሞዴል አግኝተን አናውቅም። አሁን ይከፈላቸዋል። በወጪ መዝገቤ ላይ «የእንቅልፍ አበል» ብዬ ነው የምይዘው። ሲነቁ ሥዕሎቹን እየዞሩ ያያሉ። «ይኼ ወንድሜን ይመስላል፣ ይኼ አባቴን፣ ይኼ ግን ማነው?» ይላሉ። ማነው የሚባለው ሁልጊዜ የኔው ነው።

ማንን እናስገባ ላልሽው፣ ሠዓሊ ብቻ አትፈልጉ። እኛ ዘንድ ነርስ አለች፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ አሉ። ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቁም ሁለት አሉን። ትምህርት ቤቱ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት ነው፤ ለሰፈራችንም ቅርብ ነው። ለእኔ ግን ማህበሩን ማህበር ያደረጉት ሁለት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

አንዱ ታፔላ ጻፊ ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የባነር ማተሚያ ሳይመጣ በፊት የሱቁንም የምግብ ቤቱንም ታፔላ በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማተሚያው ሲመጣ ሥራው ቀረ። መጀመሪያ ሲመጡ ሁለቱ ምሩቃን እርስ በርስ ተያዩ። ገባሽ አይደል? ጋሼ ምንም አላሉም። ጠፍጣፋ ብሩሽ አነሡ፣ በግራ እጃቸው ዘንግ ያዙ፣ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ዘንጉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ በእርሳስ እንኳ ሳያሰምሩ «ምግብ ቤት» ብለው ጻፉ። ፊደሎቹ በማስመሪያ የተለኩ ይመስሉ ነበር። የ«ቤ»ን ቀለበት ሲያዞሩ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እኛም አብረን ያዝን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ምሩቃን ዘንግ ይዘው መጡ።

ሌላው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ዲያቆን ነው። የአቡጀዲ አያያዝ ያስተማረን እሱ ነው። ድሮም ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፤ ስለዚህ ጨርቁን እንደ ልጁ ያውቀዋል። እኛ ከውጭ የመጣ ሸራ እየገዛን ኪሳችን ሲራቆት እሱ ይስቅብን ነበር። አቡጀዲውን እንጨት ላይ ወጥረሽ በሚስማር ትመቺዋለሽ። ኮላ በውሃ አቅጥነሽ ትቀቢና ታደርቂዋለሽ። ሲደርቅ ጨርቁ ይሰበሰባል፤ በጣትሽ ስትመቺው ከበሮ ይመስላል። ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ። በመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ። በቃ። እዚህ ላይ መቸኮል አይወድም። አንዴ ኮላው ሳይደርቅ ነጩን ቀባሁበትና ሥዕሌ በሁለት ወሩ እንደ ቆዳ ተላጠ።

ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮናል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉው ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ከሰማን ወዲህ ቅዳሜ አንዱን በጎን የሳልነው እንደሆነ «ምን በደልኩህ?» ይላል። የሒሳብ አስተማሪው ጭራሽ ወንበራቸውን አዙረው ነው የሚቀመጡት።

አሁን ወደ ገንዘብ። እዚህ ላይ እኔን ስሚኝ። የወር መዋጮ ሁለት መቶ ብር ነው። ያረፈደ ሃያ ብር ይቀጣል፤ ልክ እንደ እድር። ሥዕል የሸጠ አሥራ አምስት ፐርሰንቱን ለማህበሩ ያገባል። ከሁሉ የሠራልን ግን የቀለም እቁብ ነው። አሥር ሰዎች በወር አምስት አምስት መቶ ብር እንጥላለን። ዕጣ የወጣለት ብሩን በእጁ አይቀበልም። እኔና እሱ አብረን ሄደን ቀለምና ብሩሽ እንገዛለን። ለምን መሰለሽ? መጀመሪያ በጥሬው ስንሰጥ አንዱ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈለበት። አንዷ ምጣድ ገዛች። አልፈርድባቸውም። እንዲያውም ምጣዷን ባርከንላታል፤ እንጀራው ግሩም ነበር። ግን ቀለም የለም።

ምዝገባውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በመዝገብና በመዋጮ ብቻ ነው የኖርነው። በማህበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ስንፈልግ ነው የተመዘገብነው። እኛ አዲስ አበባ ስለሆንን የሚመለከተን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ለማህበር አምስትና ከዚያ በላይ መሥራቾች ይጠይቃል። እናንተ በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ ከክልላችሁ መሥሪያ ቤት ጋር ነው። ለማንኛውም አይቸኩላችሁ። መጀመሪያ አንድ ዓመት ቅዳሜን ጠብቃችሁ ተገናኙ።

ከግቢ መውጣትም ያስፈልጋል። እኛ በየወሩ መጨረሻ እንወጣለን። ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም እንሄዳለን። ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን ሉሲን ጎብኝተን ብቻ አንመለስም፤ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የማያይ ሰው ብዛቱ! ግን አብዝተን የሳልነው ፒያሳን ነው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ጥግ ይዘን የእንጨት ሰገነት ያላቸውን አሮጌ ቤቶች እንስል ነበር። ያኔ ቁም ነገር አልመሰለንም። ለእጅ ማፍታቻ ነበር። ወረቀቶቹን ነርሷ አልጋዋ ሥር ካርቶን ውስጥ ወሸቀቻቸው።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ (ሐምሌን ተምረናል) ካርቶኑን አውጥተን ግቢያችን ውስጥ ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቀልናቸው። ኪራይ የለ፣ ምን የለ። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡና ከሁሉ ሥዕል መርጠው የኔ ፊት ቆሙ። አስቢው፣ የኔ! «ይኼ የኛ ቤት ነው» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ደረጃው ግን ስድስት ነበር፤ አንተ አራት አድርገኸዋል» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ እርሳስ አወጣሁና እዚያው ቆሜ ሁለት ጨመርኩ። እሳቸው በጣታቸው እያሳዩኝ ነበር። አምስተኛው ላይ የተሸረፈ ጥግ አለ አሉኝ፤ እሱንም ሳልኩ። «ስንት ነው?» አሉ። እምቢ አልኩ፤ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ማታ ግን ገንዘብ ያዡ አለቀቀኝም። ዋጋውን ሦስት መቶ ብር ብዬ ቆርጬ አሥራ አምስት ፐርሰንቱን ከኪሴ አገባሁ።

ሕፃናትን ቅዳሜ ጠዋት እናስተምራለን፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ጠብም አለብን። አንዱ የሌላውን ሥዕል በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቤቱ ገልብጦ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ያላለቀ ሥዕል ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ይህን ደንባችሁ ውስጥ ከወዲሁ አስገቡት።

እናንተ ጋ ስለ ቀለም ደግሞ አንድ ነገር። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ። የዘይት ቀለም በብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ አንዱን ሥዕል እስክትጨርሱ ትሰለቻላችሁ። ለጊዜው በአክሪሊክ ሥሩ። እሱም ከተወደደ በእርሳስና በከሰል። ከሰሉን ራሳችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ቀጫጭን ደረቅ እንጨት ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ፣ ጭሱ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትታችሁ ክደኑና እሳት ውስጥ ተዉት። ጭሱ ሲያቆም አውጡት፤ ሳይበርድ ግን አትክፈቱት፣ አመድ ይሆንባችኋል። ለመውጫ ደግሞ በሬሳ ወንዝ አለላችሁ፣ ገበያው አለላችሁ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው እናንተ ጋ አይጠፋም፤ ከኛ ዘበኛ የተሻለ እንቅልፋም ታገኙ ይሆናል።

የመተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ገጽ ነው። ከፈለግሽ ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንቀጽ ዘጠኝ አይነበብም፤ ቡና ፈስሶበታል። ስለ ቅጣት ነው የሚያወራው፤ ማን እንዳፈሰሰበት እስካሁን አልታወቀም።