ሲረጥብ የሚያበራ፣ ሲደርቅ የሚደበዝዝ አጌት

ከኮምቦልቻ የጻፈችልኝ እህት ጥያቄዋ ይህ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሟ ከኦሪገን ሁለት ጠፍጣፋ የላባማ አጌት (ጠንካራ የጌጥ ድንጋይ) ቁራጮች አመጣላት። ጥርት ባለው ድንጋይ ውስጥ ወርቅማ ላባ የመሰለ ነገር ተዘርግቶባቸዋል። ኦፓል በምትሠራበት ማሽን 30 በ22 ሚሊሜትር ካቦሽን፣ ማለትም አናቱ ጉብ ያለ ጌጥ፣ አድርጋ ቀረጸቻቸው። በ80 ቁጥር መፍጫ ዊል (ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል) ቅርጽ አወጣች፣ በ220 ጥቂት ነካካች፣ ከዚያ 1,200፣ ከዚያ 14,000። አሁን ዙሪያው ያበራል፣ አናቱ ግን ደብዛዛ ነው። ውሃ ሲነካው መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ጭጋግ ይለብሳል። ላባው ያለበት ቦታ ጥፍር ሲሄድበት ጎድጎድ ይላል። እዚህም እዚያም ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ነጫጭ ምልክቶች አሉ። «ጋሼ፣ የትኛውን የፖሊሽ ዱቄት ልግዛ?» ትላለች።

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። ምንም ዱቄት አትግዢ። አጌት ዱቄት አይመርጥም፤ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው የፖሊሽ ዱቄት ቆዳ በለበሰ ዊል ላይ ያበራዋል፣ ያለሽ 14,000 ዳይመንድም ያበራዋል። ከሥሩ ያልጸዳ ድንጋይ ግን የፈለግሽውን ብትቀቢው አያበራም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ በጻፍሻት ነገር ላይ ነው፦ «ማሽኑ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታው ሲያረጅ የጠገነልኝ ልጅ አዲስ ስላጣ ቆርቆሮ ጠቅልሎ አስገባበት።» ነጫጮቹ ጨረቃዎች ከዚህ የመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት የተለመደው ሞተር በደቂቃ 1,400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ዊሉም በዚሁ ፍጥነት የሚዞር ከሆነ፣ ከመሐሉ ትንሽ ቢያፈነግጥ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ድንጋይሽን ይመታዋል ማለት ነው። ያ መፍጨት አይደለም፣ መቀጥቀጥ ነው። እያንዳንዱ ምት ወደ ውስጥ የታጠፈ ስንጥቅ ይተዋል፤ ከላይ ሲታይ ግማሽ ጨረቃ ነው።

ውሃ ሲነካው የሚያበራው ደግሞ ውሃው ጭረቶቹን ስለሚሞላቸው ነው። ብርሃኑ ሳይበታተን ያልፋል፣ አንቺም ድንጋዩ ያለቀ ይመስልሻል። አናቱ ብቻ መደብዘዙም ያው ነው፤ ሁላችንም እጃችን ወደ ጎን ስለሚያደላ አናቱን ዊሉ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ ነው የሚያገኘው። የ80 ጭረት እዚያ ተቀምጧል።

አሁን አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ሲቀያይር ይኖራል። አጌት እንደ እንጨት አይላግም። ገፋ ስታደርጊው ተጠቅልሎ የሚነሳ ቅርፊት የለውም። የዊሉ ቅንጣት ሲጫነው ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ስንጥቅ ከጎረቤቱ ሲገናኝ ደቃቅ ፍርፋሪ ተፈንቅሎ ይወድቃል። ጭረት የምንለው ፍርፋሪው የለቀቀው ጉድጓድ ነው። ግን ሁሉም ስንጥቅ ከጎረቤቱ አይገናኝም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደው አፉን ገጥሞ እዚያው ይቀራል። በበሬ የታረሰ ማሳ አስቢ። ትልሙን ታይዋለሽ፣ ማረሻው ያናጋው መሬት ግን ከትልሙም በታች አለ።

የ80 ቁጥር ቅንጣት 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ናት። የ220 ዳይመንድ 0.07 ገደማ፣ የ600 0.03፣ የ1,200 0.015። እንግዲህ የ220 ሥራ የ80ን ጭረት ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ከጭረቱ ሥር የተናጋውንም ማንሳት ነው። ጭረቱ ከዓይንሽ ሲጠፋ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው። አንቺ ግን 220ን ነካክተሽ ወደ 1,200 ዘለልሽ። የ1,200 ቅንጣት የስንጥቁን አፍ አስውቦ ያልፋል እንጂ ሥሩ አይደርስም። ከዚያ በ14,000 ስትጫኚው የተዘጋው አፍ ይሸራረፋል፣ 1,200 ላይ ያልነበረ ጭረት ፖሊሽ ላይ ብቅ ይላል። «ፖሊሹ ጫረብኝ» የሚሉት ይህን ነው። ፖሊሹ አልጫረም፤ ተደብቆ የነበረውን ገለጠው።

እኔም ይህን የተማርኩት በአጌት ላይ ነው፣ በኦፓል ላይ አይደለም። የደላንታው ኦፓል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከወገል ጤና ወደ ደሴ መውረድ ሲጀምር ብዙዎቻችን እጃችን የተፈታው በእሱ ነው። ኦፓል ለስላሳ ነው፣ ጥንካሬው እስከ 10 በሚሄደው የሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ነው፤ 80 ቁጥር አናስጠጋውም፣ በ220 ቶሎ ይበላል። ውሃ ጠጥቶ ቀለሙ የሚጠፋ፣ ሲደርቅ የሚመለስ ስለሆነ ውሃም እየቆጠብን ነው የለመድነው። አጌት ከ6.5 እስከ 7 ነው፣ ውስጡም እርስ በርሱ የተጠላለፈ ደቃቅ የኳርትዝ ክር ነው። ኦፓል ላይ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ደረጃ እዚህ ሃያ ቢወስድ አይግረምሽ። የመጀመሪያውን አጌቴን ጠዋት መስኮት ዳር በማጉያ ሳየው፣ አናቱ ላይ የ80ው መስመሮች እንደ ተበጠረ ፀጉር ወደ አንድ ጎን ተኝተው ነበር። ሦስት ቀን ፖሊሽ አድርጌዋለሁ ያንን።

እንግዲህ ከማሽኑ ጀምሪ። ቆርቆሮውን አውጪና ጣይው። የኩሽኔታው ቁጥር ቀለበቱ ጎን ላይ ተጽፏል፤ ያንኑ ቁጥር ግዢ፣ መጨረሻው ላይ ግን 2አርኤስ የሚል ይሁን፣ በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን ያለው። የብረት ክዳን ያለውን ዜድዜድ ከሰጡሽ መልሺው፤ ውሃና ጭቃ ያስገባል፣ በወሩ ይጮሃል። ሁለቱንም ኩሽኔታ ባንዴ ቀይሪ፣ ቺንጋውንም አይተሽ ከተሰነጣጠቀ ለውጪ። ከዚያ እርሳስ ከዊሉ ፊት በፀጉር ርቀት አስጠግተሽ በእጅሽ አዙሪው። አንድ ቦታ ላይ ከነካና ሌላ ቦታ ከራቀ ዊሉ አሁንም ክብ አልሆነም።

ስለ ዊሉ ካነሳሁ አይቀር፣ በፌስታል ተጠቅልለው የሚሸጡት ርካሽ የዳይመንድ ዲስኮች አቃጥለውኛል። ጀርባቸው ላይ 3,000 ይላል፣ ውስጣቸው ላይ ግን አንድ ሁለት ወፍራም ቅንጣት ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ያቺ አንዲት ቅንጣት የሳምንት ሥራ ታበላሻለች። ሌሎቹ ደግሞ ዳይመንዱ ከላይ ስስ ሆኖ ስለተለበጠ በሦስተኛው ድንጋይ ራቁታቸውን ይቀራሉ። አዲስ ዲስክ ስትገዢ መጀመሪያ በማትፈልጊው የአጌት ስባሪ ላይ ሞክሪው፣ አድርቀሽም በማጉያ እዪው። ገንዘብሽ ለአንድ ጥሩ ዊል ብቻ ከበቃ ለ220 አውጪው።

ድንጋዩን ወደ 220 መልሺው፤ ጨረቃዎቹ ከጠለቁ ወደ 80፣ ግን ቀስ ብለሽና ኩሽኔታው ከተቀየረ በኋላ። አናቱን በማርከር ቀቢው። በ80 ወደ ላይና ወደ ታች ከሄድሽ በ220 ወደ ጎን ሂጂ፣ በ600 እንደገና አቅጣጫ ቀይሪ፤ ያለፈው ደረጃ ጭረት ተሻግሮ ስለሚታይ መደበቂያ ያጣል። ማርከሩ ከጠፋ፣ ጭረቱም ከጠፋ በኋላ እንደገና ቀብተሽ አንድ ዙር ድገሚው። ያቺ ተጨማሪ ዙር ናት ከሥር የተናጋውን የምታነሳው። በየደረጃው ድንጋዩን በፎጣ አድርቂ፣ አምፖል ሥር አዘንብለሽ አናቱን ተመልከቺ። እርጥብ ድንጋይ አትመኚ። ከዚያ 600፣ 1,200፣ 3,000፣ ፖሊሽ። 600ን መዝለል የለም። በየመሐሉ እጅሽን፣ የጥፍርሽን ሥር፣ ድንጋዩ በሰም የተጣበቀበትን እጄታ በጥርስ ብሩሽ እጠቢ፤ እያንዳንዱ ዲስክ በየራሱ ፌስታል ይቀመጥ።

ውሃ ሳይፈስ ዊሉን አታስነሺ። አጌት ሲፈጭ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ሲሊካ ነው። ሳንባ ውስጥ የገባው አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል፣ ሲሊኮሲስ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ኦፓል ላይ ውሃ መቆጠብ ስለለመድሽ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። ከመድኃኒት ቤት አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ግዢ፣ ከፍ አድርገሽ ከሰቀልሽው ሃይላንድ ጋር አያይዢውና ጠብታውን ዊሉ ላይ አውርጂ። መቆጣጠሪያው ራሱ ስላለው እንደፈለግሽ ትለኪዋለሽ። ሶኬቱ ከውሃው ራቅና ከፍ ያለ ይሁን፣ ማሽኑም መሬት ሽቦ ይኑረው።

ወደ ላባው ልምጣ። ላባው ተክል አይደለም፤ የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ አጌቱ ውስጥ ተዘርግቶ የቀረ ነው። ከአጌቱ ይለሰልሳል፣ አንዳንዱም ስፖንጅ መሳይ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ጀርባ ባለው ዲስክ ለረጅም ጊዜ ከሠራሽው ስፖንጁ ወደ ለስላሳው ክፍል እየገባ ላባውን ብቻ ይበላዋል፣ ጎድጓዳው የመጣው ከዚያ ነው። መድኃኒቱ እስከ 1,200 ድረስ ጠንካራ ጀርባ መጠቀም ነው። ዳይመንድ ጠንካራውንም ለስላሳውንም በእኩል ስለሚቆርጥ ከብርጭቆ ወረቀት የተሻለ ነው። ለስላሳው ዲስክ ላይ አጭር ጊዜ ቆዪ፣ ግፊትሽም ይቅለል። ሌላ ጊዜ ከመቅረጽሽ በፊት ድንጋዩን አርጥበሽ ከጎኑ ወደ ብርሃን እዪውና ላባው ስንት ሚሊሜትር ሥር እንዳለ ለዪ። ላባው ጥርት ካለው ድንጋይ ሥር ሲቆይ ጥልቀቱም ይታያል፣ ፖሊሹም ቀላል ነው። ያንቺ ላባ ግን አናቱ ላይ ወጥቷል።

አንደኛውን ድንጋይ አንድ ሰው «ላስተካክልልሽ» ብሎ ጎድጓዳውን በሱፐር ግሉ ሞልቶ ቫርኒሽ ቀባልሽ ብለሻል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ቫርኒሽ ብርሃን የለውም፣ በጊዜው ቢጫ ይሆናል፣ ይላላጣል፤ ገዝቶ በኋላ የነቃ ሰው ደግሞ ቀጥሎ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ የሚመጣውን ድንጋይ አያምንም። ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሴቶን ጨምረሽ ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ ከምድጃና ከከሰል ራቅ አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ። ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጊው። ምናልባት አንድ ሌሊት ላይበቃው ይችላል።

ድንጋዩ ከእጄታው እየወደቀ ያስቸገረሽ ሰሙ መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። እኛ ደሴ ጠዋት ድንጋዩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰሙ ሳይዘው ይደርቃል፤ ከሐረጎ ዳገት በታች፣ እናንተ ኮምቦልቻ፣ ደግሞ ቀትር ላይ፣ በተለይ ቆዳው ላይ ፖሊሽ ስታደርጊ፣ ሙቀቱ ያላላዋል። ድንጋዩን ከሰሙ ጋር ቀስ ብለሽ አሙቂው፣ ፖሊሹን ደግሞ በማለዳ ሥሪ። ሴሪየሙን ቆዳው ላይ እርጥበት እንዲኖረው ብቻ ቀቢ፤ ድንጋዩ ሳብ ሳብ ሲያደርግሽ ነው መሥራት የጀመረው። በጣቴ መያዝ አልቻልኩም የሚያሰኝ ሙቀት ከተሰማሽ ግን አንሺው፣ አጌትም በሙቀት ይሰነጠቃል።

ስለ አቧራው እንደገና እላለሁ። ሥራው ሲያልቅ ጠረጴዛውና ወለሉ ላይ የቀረው ነጭ ጭቃ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ያው ዱቄት ነው። በመጥረጊያ አትጥረጊው፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሺው። ሽርጥሽን ቤት ውስጥ አታራግፊ፣ ለብቻው ውሃ ውስጥ ንከሪው። የጨርቅም ሆነ ያ ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ይህን ዱቄት አያቆመውም፤ ኤን95 አድርጊ፣ ውሃውም እያለ። ከእኔ ጋር የጀመረ አንድ ልጅ «ለአንድ ደቂቃ ነው» እያለ በደረቁ ይፈጭ ነበር። ዛሬ ከፒያሳ ዳገቱን ሲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል።

ኩሽኔታውን ከቀየርሽና 220ን ከጨረስሽ በኋላ የአናቱን ፎቶ ላኪልኝ። በማጉያ በኩል አንሺው፣ አምፖሉ ከጎን ይሁን፣ ድንጋዩም ደረቅ ይሁን።