መልስ፦ ጉንፋን ሲሮጥ በመስመር መዝራት ለምን ያዘግማል?

ወንድሜ፣ «ጉንፋን ከቡሬ ገበያ ተነሥቶ በሳምንት ቀበሌውን ያዳርሳል፤ ጤፍ በመስመር መዝራት ግን ያን ያህል ተለፍፎበት ለምን አይጋባም?» ብለሃል።

ለጉንፋን አንድ ሰው ይበቃዋል። ገበያ ላይ አጠገብህ ያስነጠሰውን ሰው ስሙን እንኳ ላታውቀው ትችላለህ። መንደርን ከመንደር የሚያገናኘው እንዲህ ያለው ቀጭን ክር ነው። ወሬም በዚሁ ይሄዳል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ይህን የጻፈው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው።

በመስመር መዝራት ግን ሌላ ነው። ገበሬው የዓመት እንጀራውን እያስያዘ ነው፤ ጉልበቱም ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ስለነገረው ብቻ አይነሣም። ጎረቤቱም፣ አማቹም፣ የማኅበር ጓደኛውም ሲያደርጉት ማየት ይፈልጋል። ዴመን ሴንቶላ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢንተርኔት ሙከራ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ልማድ ይበልጥ የተዛመተው ጓደኛሞች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት፣ ጥልፍልፍ ባለ መረብ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ከየቀበሌው አንድ አንድ ሞዴል ገበሬ መምረጥ ወሬ ለማድረስ እንጂ ልማድ ለመትከል ብዙም አይረዳም ባይ ነኝ። እኔ ብሆን በአንድ ጎጥ አምስት ጎረቤታሞችን አብሬ አስጀምር ነበር። ደቦ የሚወጡት እነሱው፣ ጠላ የሚጠጡት እነሱው።

አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ እንዴት ማሳውን እንዳለበሰው አይተህ ከሆነ ይገባሃል። ጎረቤት ከሰል ሸጦ ብር ሲይዝ ከአጥር ማዶ ይታያል። (ዛፉን ኋላ በሽታ መታው እንጂ! እሱ ሌላ ወግ ነው።)