ካርዱ በ20 ደቂቃ አለቀብኝ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እህቴ። አያት ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። ልጁን ጥሩ ደረጃ ካመጣህ ቦሌ የጌም ቤት እወስድሃለሁ ብዬው 3ኛ ወጣ፤ ሄድን። ለመጫወቻ ብር የሞላሁበት ካርድ በ20 ደቂቃ አለቀ። አብዛኛውን የበላው በብረት ጥፍር አሻንጉሊት የሚያነሳው ማሽን ነው። አሻንጉሊቷን ያነሳትና ልትወጣ ስትል ይለቃታል። ልጄ እያለቀሰ ተመለስን። ማሽኑ ያታልላል ወይስ እኛ አላወቅንበትም? ድጋሚ ልወስዳቸው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ልጅዎን እንኳን ደስ አለህ ይበሉልኝ። እንዲህ ካለ ቤት ካርድ መሙያው ጋ 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እያለቀሱ የሚወጡ ልጆች ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የጥፍሩ ጉልበት ከማሽኑ ውስጥ ይስተካከላል። ባለቤቱ ሊያጠብቀው ወይም ሊያላላው ይችላል፤ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ብቻ አጥብቆ እንዲይዝ የሚደረግም አለ። ላልቶ ከተስተካከለ የልጅ እጅ ምንም ቢጠበብ አሻንጉሊቷን አያድናትም። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ “እኔ አልችልም” ብሎ እንዳያድር።

ይልቅ ኳስ በተዳፋት ሰሌዳ ላይ ሽቅብ አንከባለው ጫፉ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያስገቡበትን ጨዋታ ያሳዩት። አሜሪካ ውስጥ በ1908 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ የቆየ ጨዋታ ነው። እጅ ሲለምድ ነጥቡ ይጨምራል፤ ሰፈር ጆተኒ የሚጫወት ልጅ ቶሎ ይገባዋል።

ካርድ ላይ የገባ ብር ብር አይመስልም። መቶ ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጥሮ የሚሰጠኝ አባት፣ ካርዱን ማሽን ላይ ሲያስነካ ግን አይቆጥርም ነበር። ስለዚህ ያሰቡትን ገንዘብ ግማሹን ብቻ ይሙሉ። ከዚያ መጫወት ሳይጀምሩ ልጁን ይዘው ሽልማቱ የተደረደረበት መስታወት ጋ ይሂዱ። ሽልማቱ የሚወሰደው ከጨዋታው በሚገኝ ቲኬት ነው፤ ለምሳሌ እዚያ ያለች አንዲት ኳስ 600 ቲኬት ከሆነችና አንድ ጨዋታ 10 ቲኬት ከሰጠ፣ 60 ጊዜ መጫወት ነው። 3ኛ የወጣ ልጅ ሒሳቡን ራሱ ያወጣዋል፤ ኳሷ ሱቅ በስንት እንደምትገኝም ያውቃል።

ገንዘብ የሚበረክተው በሰዓት በሚከፈልባቸው ላይ ነው፦ የኳስ ገንዳ፣ መንሸራተቻ፣ ትራምፖሊን (የሚያነጥረው የመዝለያ መረብ)። ትራምፖሊኑ ላይ ግን እለምንዎታለሁ፣ ትንሿን አያውጧት። የሕፃናት ሐኪሞች ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመክሩትም። ከባድ ልጅ አጠገብ ሲያርፍ መረቡ ቀላሉን ያስፈነጥረዋል። የእኔው ልጅ በ5 ዓመቱ እንዲሁ ሆነ። አንድ ጎረምሳ አጠገቡ ዘለለ፤ ልጄ ወደ ላይ ተወርውሮ በቀኝ እግሩ ወረደ። አልጮኸም፤ ካልሲውን ጨብጦ ቁጭ አለ። ወለምታ መስሎኝ በማግስቱ ወጌሻ ጋ ወሰድኩት። ሲታሽ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ራጅ ሲነሳ ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ልጅ እግሬን አልረግጥም ካለ ማንም ሳያሸው ራጅ ይነሳ፤ እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው። ትልቁም ቢሆን ብቻውን ሲሆን ነው መዝለል ያለበት።

ትንሿ የኳስ ገንዳው ይበቃታል፤ እርስዎም ጫፉ ላይ ይቀመጡ፣ ስልክዎን ኪስዎ ከተው።

ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ ቦሌ ነው። እሑድ ከሰዓት ወረፋው ስለሚያስመርር ጠዋት ይሂዱ። ቁርስ አብልተዋቸው ይውጡ፤ የውስጡ በርገርና ቺፕስ ከጨዋታው በላይ ያስወጣል። ካልሲም ከቤት ይያዙ፤ በባዶ እግር አያስገቡም፣ እዚያ ሲገዛ ደግሞ ይወደዳል።

ካርዱን አይጣሉት። የተረፈ ነጥብ ካለው እስከ መቼ እንደሚያገለግል መሙያው ጋ ያለችውን ልጅ ይጠይቋት፤ ትነግርዎታለች።