ፎጣ የሚወረውርላችሁ ሰው አላችሁ?

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ብዙዎቻችሁ ማታ ማታ የዩኤፍሲ ቪዲዮ ሳታዩ እንደማትተኙ አውቃለሁ። ጂም ስትመጡም ወሬያችሁ እሱ ነው። ማን ማንን ዘረረ፣ ማን ቀበቶ ወሰደ፣ ማን ስንት ሚሊዮን በላ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቦክስ ሰው ነኝ፤ ኤምኤምኤ የሚባለውን፣ ቡጢም እርግጫም ትግልም የሚቀላቀልበትን የዩኤፍሲን ዓይነት ግጥሚያ፣ የወደድኩት ዘግይቼ ነው። ያስወደደኝ ደግሞ አንድ ጃፓናዊ ነው፣ ካዙሺ ሳኩራባ ይባላል። አንዳንዶቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል፣ አብዛኞቻችሁ ግን እሱ በነገሠበት ዘመን ገና አልተወለዳችሁም። ስለሱ ልጽፍላችሁ ካሰብኩ ቆየሁ። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ሳኩራባ በ1969 በሰሜን ጃፓን፣ አኪታ በሚባል ክፍለ ሀገር ተወለደ። ትምህርት ቤት እያለ ትግል ጀመረ። ቶኪዮ ቹኦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ታገለ። ከዚያ ሬስሊንግ ውስጥ ገባ። አዎ፣ ያው «ውሸት ነው» የምትሉት ሬስሊንግ። የገባበት ድርጅት ግን ልጆቹን የምር ያሠለጥን ነበር። ቢሊ ሮቢንሰን የሚባል እንግሊዛዊ አሮጌ ታጋይ ነበር የሚያስተምራቸው፤ ክንድ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚያዝ፣ አንዱ መያዣ ሲከሽፍ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚታለፍ። ለህዝቡ ቲያትር ያሳያሉ፣ ጂም ውስጥ ግን ክንድ ይጣመማል።

በጥቅምት 1997 አለቃው፣ ሬስለሩ ታካዳ፣ ቶኪዮ ዶም ላይ ከብራዚላዊው ሪክሰን ግሬሲ ጋር ገጥሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጅ ሰጠ። ጃፓን አፈረች። ሬስሊንግ አለቀለት ተባለ። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ ዩኤፍሲ ዮኮሃማ ላይ ውድድር ሲያዘጋጅ ሳኩራባ ገባ። የገጠመው በክብደት ብዙ የሚበልጠውን ማርከስ ሲልቬራን ነው። ሲልቬራ ቡጢ ሲያዘንብ ሳኩራባ እግሩን ሊይዝ ዝቅ አለ፣ ዳኛው የወደቀ መሰለውና ጨዋታውን አቆመ። ሰውዬው ከሪንጉ አልወጣም አለ። አልዘለፈም፣ አልተማታም፣ ብቻ አልወጣም። ቪዲዮው ታየ፣ ውጤቱ ተሰረዘ፣ ሌላ ተወዳዳሪ ተጎድቶ ስለወጣ እዚያው ምሽት እንደገና ተገናኙ። በሁለተኛው ክንዱን ቆልፎ አሸነፈው። ማይክ ሲሰጡት ያላት ነገር ጃፓን ውስጥ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች፦ «ሬስለሮች እውነትም ጠንካሮች ናቸው»።

ከዚያ በኋላ ፕራይድ በሚባለው ድርጅት ስር የሠራውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ግሬሲዎችን ታውቃላችሁ፣ የብራዚል ጁጁትሱ ቤተሰብ፣ ሮይስ ግሬሲ በ1993 የመጀመሪያውን ዩኤፍሲ ያሸነፈው። እነዚያን ሰዎች ሳኩራባ ተራ በተራ አሸነፋቸው። ሮይለርን በ1999። ሮይስን በግንቦት 2000። ሬንዞን በነሐሴ 2000። ራያንን በዚያው ዓመት መጨረሻ። «የግሬሲ አዳኝ» የሚል ቅጽል ወጣለት።

ደስ የሚለው አኳኋኑ ነው። ሲጋራ ያጨሳል፣ ቢራ ይጠጣል (ይሄን አትኮርጁ)፣ ብርቱካንማ ቁምጣ ለብሶ እየቀለደ ይገባል። ከሮይስ ጋር ሲገጥም ጭምብል ካጠለቁ ሰዎች ጋር ተደባልቆ፣ የትኛው እሱ እንደሆነ እንዳይለይ አድርጎ ነው የገባው። ሪንግ ውስጥም ሙድ ይይዛል። ሮይስ አንገቱን ሲይዘው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሱ ሊወጣ በሚደርስበት ሰዓት፣ እሱ እጁን ሰዶ የሮይስን ሱሪ ሊያወልቅ ይሞክራል። ህዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ይሄ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲናደድ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የሚናደደው ደግሞ ሮይስ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የዚያን ጨዋታ ሕግ ግሬሲዎች ራሳቸው ነበሩ የጠየቁት። ከአምስት ወር ገደማ በፊት ሮይለር ክንዱ ተጠምዞ እጅ አልሰጥም ሲል ዳኛው ስላቆመው ተናደው ነበር። እና አሉ፦ ዳኛ አያቁም፣ የዙር ገደብ አይኑር፣ ወይ አንዱ እጅ ይስጥ፣ ወይ ኮርነሩ፣ ማለትም ጥግ ላይ የሚቆሙት አሰልጣኞቹ፣ «ይብቃ» ብለው ፎጣ ይወርውሩ። በ15 ደቂቃ ዙር ስድስት ዙር ሄዱ። 90 ደቂቃ! ኳስ ጨዋታ ሙሉ ማለት ነው። ሳኩራባ የሮይስን እግር በእርግጫ ሲቀጠቅጠው ቆየና መጨረሻ ላይ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሮይስ በራሱ አፍ በቃኝ የሚል ሰው አይደለም። ፎጣውን የወረወረው ወንድሙ ሮሪዮን ነው።

ቤተሰቡ ይሄን ከድሮም ያውቀዋል። በ1951 ሪዮ ማራካና ላይ አባታቸው ኤሊዮ ከጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ሲገጥም ክንዱ ተቆልፎ እጅ አልሰጥም ብሎ ነበር፣ ያኔም ፎጣ የወረወረው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ዛሬ «ኪሙራ» የምትሉት የክንድ ቁልፍ ስሙን ያገኘው ከዚያ ሰው ነው። ሳኩራባ ሮይለርንም ሬንዞንም ያሸነፈው በሱ ነው። የሬንዞ ክርን ከቦታው ወጥቶ እንኳ እጅ አልሰጠም፣ ዳኛው ነው ያቆመው። ይሄ ወኔ ነው? ነው። ከጨዋታው በኋላ ሬንዞ ሰበብ አልደረደረም፣ ዛሬ ከኔ የተሻለ ነበር አለ፣ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ክርናችሁ አንድ ቀን አርጅቶ ዝናብ ሲመጣ መጠዝጠዝ ሲጀምር ያ ወኔ አብሯችሁ አይቀመጥም።

ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ሳኩራባ 90 ደቂቃ ከሮይስ ጋር ከታገለ በኋላ እዚያው ምሽት ሌላ ጨዋታ ነበረው። ውድድሩ የዙር ማጣሪያ ነው፤ ያሸነፈ ይቀጥላል። የመጣለት ኢጎር ቮቭቻንቺን ነው፣ ቡጢው ሰው የሚያስተኛ ዩክሬናዊ። 15 ደቂቃ ተጋጠመው። አልወደቀም። ዳኞቹ ተጨማሪ ዙር አሉ። ያኔ የራሱ ኮርነር ፎጣ ወረወረ።

እኔ እንደ አሰልጣኝ ስፈርድ፣ ከዚያ ምሽት ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ሰውዬው ቆሟል፣ አገር በሙሉ ስሙን ይጮሃል፣ ማሸነፍም ይችል ይሆናል። ኮርነሩ ግን የሚያየው ሌላ ነው።

እኛ የምናየው እግር ነው። ፊት ይዋሻል፣ አፍ ይዋሻል፣ እግር ግን አይዋሽም። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሁለት ዙር ሲመራ ቆይቶ በሦስተኛው አገጩ ላይ አንዲት ገባችበት። አልወደቀም። ጓንቱን ከፍ አድርጓል፣ ዓይኑም ክፍት ነው፣ ጓደኞቹ «ግባ! ግባ!» ይላሉ። ግራ እግሩን አየሁት። መጀመሪያ ተረከዙ ሳይሆን የጣቶቹ ጫፍ ነው ወለሉን የሚነካው፣ ወለሉ የት እንዳለ እንደሚፈልግ ሰው። ፎጣውን ወረወርኩ። አለቀሰ፣ ሰደበኝ፣ ለብዙ ጊዜ ሰላምም አላለኝም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሥራውም ጥሩ ነው፣ ሲያገኘኝ ግን «ጋሼ፣ ያቺን ጨዋታ እኮ አሸንፌያት ነበር» ይለኛል። ይበለኝ። ነገም ቢሆን እወረውረዋለሁ።

የሳኩራባ ነገር የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ በመጣው ነው። ክብደቱ 85 ኪሎ ገደማ ነው። የሚያጋጥሙት ግን ከሱ የሚከብዱትን ነው፤ ስሙ ቲኬት ይሸጣላ! በመጋቢት 2001 ከዋንደርሌይ ሲልቫ ጋር አገናኙት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በጉልበትና በእርግጫ ተቀጠቀጠ። እሺ፣ አንድ ጊዜ ይሆናል። በዚያው ዓመት ኅዳር ደገሙት፣ ትከሻው ተጎድቶ ሐኪም አስቆመው። በ2003 ሠለሱት፣ ተዘረረ። በመሀል ደግሞ በ2002 ክሮ ኮፕ የሚባለው 100 ኪሎ የሚመዝን ክሮኤሺያዊ የዓይኑን አጥንት ሰበረው። በ2005 ሪካርዶ አሮና ጭንቅላቱን በጉልበት ሲደበድበው ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ ማንም አልገባም። ያን ጨዋታ አትዩት፣ እኔ ጨርሼ አላየሁትም።

በ2006 ወደ ሌላ ድርጅት ሄደ። ነሐሴ ላይ ስሚርኖቫስ የሚባል ሊቱዌኒያዊ መጀመሪያው ላይ እንዳይሆን አድርጎ መታው፣ ሳኩራባ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲደበደብ ዳኛው ዝም አለ። ለምን? የምሽቱ ኮከብ ነዋ፣ ህዝቡ የመጣው እሱን ብሎ ነው። እሱም ከዚያ ሁሉ በኋላ ነፍስ ዘርቶ ክንድ ቆልፎ አሸነፈ። ህዝቡ ዘለለ። «አያችሁ! ቢቆም ኖሮ ይሄ ይመጣ ነበር?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ክርክር አልሸነፍም። ጥቂት ሳይቆይ ልምምድ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ገባ፣ የሚቀጥለውን ውድድርም ተወ። ታኅሣሥ 31 ግን ኦሳካ ላይ ተመልሶ ሪንግ ውስጥ ነበር፣ ምክንያቱም የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ጃፓን ውስጥ የትልልቅ ግጥሚያ ቀን ነው። የገጠመው አኪያማ ሰውነቱን ቅባት ተቀብቶ ኖሯል። ሳኩራባ እግሩን ሊይዝ ሲሞክር ያመልጠዋል፣ እየተደበደበ «ያንሸራትታል! ያንሸራትታል!» እያለ ለዳኛው ይጮሃል። አልቆመለትም። በኋላ ተመርምሮ ውጤቱ ተሰረዘ፣ አኪያማም ተቀጣ። የተመታው ግን ተመትቷል። የተሰረዘው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

በ2010 ጆሮው ከመገንጠል ለጥቂት ተረፈ። በ2015 ታኅሣሥ፣ በ46 ዓመቱ፣ ሳይታማ ላይ ከሺንያ አኦኪ ጋር ተገናኘ። አኦኪ ከላዩ ላይ ሆኖ ሲመታው ኮርነሩ በመጀመሪያው ዙር ፎጣ ወረወረ። ከዚያ ወዲህ ኤምኤምኤ አልገጠመም። በእኔ ሂሳብ ያ ፎጣ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቷል።

ሳኩራባ ራሱ አያማርርም፣ እልኸኛ ነው፣ ኑሮውም ይሄ ነው፣ ማንም ጠፍሮ አላስገባውም። እኔም ላዝንለት አልጻፍኩም፤ በ2017 ዩኤፍሲ የክብር መዝገቡ ላይ አስፍሮታል፣ የሚያዝንለት አይፈልግም። የምላችሁ ስለ እናንተ ነው። አሁን 20 ዓመታችሁ ነው፣ ዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ «ግባ! ግባ!» የሚል ነው። አስተዋዋቂው ይላል፣ ጓደኛ ይላል፣ ስልክ ላይ ያለው ህዝብ ይላል። ቦክስ ባትጫወቱም ያው ነው። ሱቅ ከፍታችሁ እየከሰረ «ትንሽ ብር ጨምርበት» የሚል አለ፤ ሌሊት ሌሊት ስትሠሩ ከስታችሁ «ጎበዝ፣ የማይደክመው!» የሚል አለ።

ስለዚህ አንድ ሰው ምረጡ። እናንተ ስትደበደቡ ገንዘብ የማያገኝ ሰው ይሁን። ቲኬት ሻጩ አይሆንም፣ ከገንዘባችሁ ፐርሰንት የሚቆርጠውም ያጠራጥራል። ሥራውን የሚያውቅ መሆን አለበት፣ እግር ማንበብ የሚችል፤ በጣም የሚወዳችሁ ሰው ሁልጊዜ ይሄን አይችልም፣ እናት ከመጀመሪያዋ ቡጢ በፊት ነው የምትወረውረው። ከሰውዬው ጋር የምትስማሙት ደግሞ ረጋ ባላችሁ ቀን ነው። ምን ሲያይ እንደሚያቆም ተነጋገሩ፣ ቃል ተግባቡ። ሪንግ ውስጥ ከገባችሁ በኋላማ ስትጠየቁ ሁላችሁም መልሳችሁ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ»። አጥንቱ የተሰበረም ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሲወረውር ደግሞ ሰድባችሁት ብትወጡም ግድ የለም፣ ይችለዋል፣ ብቻ በማግስቱ አታባርሩት። ጎበዝ አሰልጣኞቻቸውን በዚህ ምክንያት ቀይረው «አይዞህ» ብቻ የሚል ሰው ያስቀመጡ ብዙ አይቻለሁ።

ሳኩራባ አሁን ኩዊንቴት የሚባል ውድድር አለው፣ በ2018 ነው የጀመረው። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም፣ ትግልና ቁልፍ ብቻ። አምስት አምስት ሆነው በቡድን ይገጥማሉ፣ ያሸነፈ ሜዳው ላይ ቆይቶ ቀጣዩን ይጠብቃል፣ እኩል ከወጡ ሁለቱም ይወጣሉ። ራሱም ገብቶ ታግሏል። ሳየው ደስ ይለኛል፣ ያ የድሮ ቀልዱ እዚያ አለ፣ ጭንቅላቱን የሚመታው ሰው ግን የለም።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ከካርሎስ ኒውተን ጋር በ1998 ያደረገውን አስቀድሙ። ሁለቱም ትግል የሚችሉ ልጆች ናቸው፣ መሬት ላይ ሲገለባበጡ የትኛው እጅ የማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል፣ መጨረሻ ላይ ሳኩራባ ጉልበቱን ይይዘዋል። ከዚያ የሮይስን እዩ። ረጅም ነው፣ ለሁለት ቀን ከፋፍሉት። ቅዳሜ ጂም ስትመጡ እንጫወትበታለን።