ሣር ውስጥ የገባን ማጌጥ ለመቆጣጠር፦ ከመርጨትዎ በፊት

ጠያቂያችን ሣሩን በየሳምንቱ አሳጥረው ቢያጭዱም ባለ ሦስት ቅጠሉና ነጭ አበባ የሚያወጣው አረም እየሰፋ መሄዱን ገልጸው፣ የትኛውን ፀረ አረም ቢረጩ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ይህን አረም ለዓመታት ስከታተል እንደተረዳሁት፣ መድኃኒቱን ከመምረጥ በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮች አሉ።

በቅድሚያ የአረሙን ማንነት ያረጋግጡ፤ ባለ ሦስት ቅጠል ሁሉ ማጌጥ (ክሎቨር የሚባለው ተክል) አይደለምና። የነጭ ማጌጥ፣ ማለትም የነጭ ክሎቨር ቅጠሎች ሞላላ ሆነው ጠርዛቸው ደቃቅ ጥርስ አለው፤ በአብዛኞቹም ላይ ነጣ ያለ የቀስት ቅርጽ ይታያል። ግንዱን ቀና ለማድረግ ቢሞክሩ መሬት ለመሬት የሚሳብና በየአንጓው ሥር የሰደደ ሆኖ ያገኙታል። ቅጠሎቹ የልብ ቅርጽ ኖሯቸው አበባው ቢጫና ባለ አምስት ቅጠል ከሆነ ግን ኦክሳሊስ ነው፤ እሱ ፍሬው ሲበስል ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ሳያፈራ መነቀል አለበት።

አረሙ ማጌጥ ከሆነ፣ እየሰፋ የሄደበት ዋነኛ ምክንያት ሣሩ መራቡ ይመስለኛል። ማጌጥ በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ፣ አፈሩ ሲደኸይ ሣሩ እየሳሳ እሱ ይለመልማል። አሳጥሮ ማጨድም የሚጎዳው ሣሩን ነው፤ የማጌጡ ግንድ ከምላጩ በታች ተኝቶ ያመልጣል፣ ሣሩ ግን ቅጠሉን አጥቶ ጥላ መጣል ያቅተዋል። ስለዚህ ሣርዎ ረጅም ቁመት የሚስማማው ዝርያ ከሆነ የማጨጃውን ከፍታ ወደ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ ሰርዶ ከሆነ ግን ዝቅ ያለ ቁመት ይበቃዋል። በዕድገቱ ወቅት በካሬ ሜትር 10 ግራም ገደማ ዩሪያ እኩል በትነው ወዲያውኑ ውኃ ያጠጡ፤ ቅጠል ላይ ከቀረ ያቃጥላልና ይህን ቸል ማለት አይገባም።

ማጌጡ የያዘው ትንንሽ ቦታዎችን ብቻ ከሆነ በእጅ መንቀል ይቻላል። አፈሩ ሲርስ ግንዱን ከዳር ጀምረው እየተከተሉ በሹካ መሳይ መቆፈሪያ ያንሡት፤ የተቆረጠ አንጓ ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል። ባዶ የቀረውን ቦታ ሳይውል ሳያድር ሣር ይዝሩበት፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው የማጌጥ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ክፍት ቦታ ካገኘ ይበቅላል።

መርጨት ግድ ከሆነ፣ ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የተባለው ፀረ አረም ብቻውን በማጌጥ ላይ ደካማ ነው፤ ከሜኮፕሮፕ ወይም ከዳይካምባ ጋር የተቀላቀለው የተሻለ ይሠራል። የሣርዎ ዝርያ በፀረ አረሙ መለያ ወረቀት ላይ መጠቀሱን ያረጋግጡ። ግሊፎሴት ሣሩንም ስለሚገድል አይጠቀሙ። ዳይካምባ በአፈር ውስጥ ሰርጎ የዛፍ ሥር ሊደርስ ስለሚችል ከዛፍ አጠገብ አይረጭም። ነፋስ በሌለበትና አረሙ በደንብ እያደገ ባለበት ጊዜ ይርጩ፤ ንቦች አበባውን አጥብቀው ስለሚፈልጉት ግን ከመርጨትዎ ሁለት ቀን ቀደም ብለው አበባውን አጭደው ያስወግዱ፤ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ክሎፒራሊድ ያለበት ፀረ አረም ከረጩ ደግሞ የታጨደውን ሣር ወደ ኮምፖስት አይጨምሩት፤ መድኃኒቱ በብስባሹ ውስጥ ቆይቶ ቲማቲምንና ባቄላን ያጣምማል።